ማስተካከያ፦ የልጅ ቁጥር የሚቀንሰው በገንዘብ ብቻ አይደለም

ባለፈው የወጣው ጽሑፍ «የቤተሰብ ገቢ ሲያድግ የሚወለደው ልጅ ይቀንሳል» ይላል። እንዲህ ተቆርጦ ሲቀመጥ ያሳስታል። ገቢና ትምህርት አብረው ስለሚሄዱ ይምታታሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የህንዷን ኬረላ ግዛት ውሰዱ፤ ሀብታም ሳትሆን፣ ሴቶቿ ስለተማሩ፣ ጤና ተቋም በቅርብ ስላለና የሕፃናት ሞት ስለቀነሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አንዲት ሴት የምትወልደው በአማካይ ወደ 2 ልጅ ወርዶ ነበር። የወለደው ልጅ እንደሚያድግለት የተማመነ ወላጅ «ምናልባት ቢሞትብኝ» ብሎ ሌላ አይደርብም። ይሄ ነጥብ ጭራሽ ተዘሏል፣ ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው።

ገቢ ሲያንስ ልጅም የሚያንስበት ተቃራኒ ሁኔታም አለ። በስዊድንና በኖርዌይ ልጅ ሳይወልዱ የመቅረት ዕድላቸው ሰፋ ያለው ገቢያቸው ዝቅ ያለ ወንዶች ናቸው።

ጽሑፉ ስለ ጤና «ድሃ ከሀብታም ይልቅ ይጎዳል» ማለቱ ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ይጨመርበት እንጂ። ልዩነቱ በድሃና በሀብታም መካከል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በተጀመረው የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞች ጥናት ሁሉም ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ያም ሆኖ የሥራ ደረጃው ዝቅ ባለ ቁጥር በልብ በሽታ የሚሞተው ሰው ይጨምር ነበር፣ መሃል ላይ ያሉትም ከበላዮቻቸው የባሰ ይጎዱ ነበር።