ልጅ ይገፋል እንዴ?

ዛሬ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ። ስለ ኑሮ ውድነት አይደለም። ስለ ታክሲ ሰልፍም አይደለም። ስለ ልጅ ጋሪ ነው። ስትሮለር የምትሉት። አትሳቁ፣ አስጨርሱኝ።

የመጀመሪያውን ጋሪ የገዛሁት ልጄ አራት ወር ሊሞላው ሲል ነው። በኦፕራሲዮን ስለወለድኩ ወገቤ ገና አልጠናም ነበር። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ጋሪውን ሴራሚኩ ላይ በአንድ ጣት ገፋ አደረገው። ጋሪው ኮሽ ሳይል ሄዶ ግድግዳው ጋ ቆመ። «አየሽ እህቴ? ቅቤ ነው!» አለኝ። ኩባያ ማስቀመጫ አለው። የዝናብ ላስቲክ አለው። የስልክ መያዣ ሁሉ አለው። የወር ደሞዜን ግማሽ ቆጥሬ ሰጥቼ፣ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

እኔ ግን ሴራሚክ ላይ አይደለም የምኖረው። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለውም። ከብሎካችን እስከ አስፋልቱ ኮብልስቶን ነው። ስንት ወጣት ጠርቦ ያነጠፈው ድንጋይ ነው፣ መጀመሪያ ሲነጠፍ ቆንጆ ነበር። ከዚያ ለቧንቧ ተቆፈረ። ድንጋዩ ተነሳ። ሲመለስ ግማሹ ተመለሰ፣ ግማሹ የት እንደገባ እንጃ። አሁን መንገዱ ጥርሱ የወላለቀ ሽማግሌ ይመስላል።

በሦስተኛው ሳምንት ነው ጉዱ የመጣው። የፊት ጎማው ድንጋይ የጎደለበት ቦታ ገባ። እኔ አላየሁም፣ ገፋሁ። ጋሪው ቀጥ አለ፣ እኔ በሆዴ እጀታው ላይ ተደፋሁ። ልጁን ቀበቶው ያዘው፣ ተመስገን። ቀና አድርጌ፣ ልብሴን አራግፌ፣ በንዴት ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ አንድ አባት ተጣሩ። «ልጄ፣ ጎማሽን ጥለሽ እኮ ነው የምትሄጂው!» ዞር ስል እውነታቸውን ነው። ጎማው ከነብሎኑ ጉድጓዱ ውስጥ ቀርቷል።

ይባስ ብሎ የሰፈር ልጆች በዚያው መንገድ ላይ በኩሽኔታ ጋሪያቸው እየጮሁ ቁልቁል ወረዱ። ጣውላ፣ አራት ኩሽኔታ፣ ሁለት ሚስማር። ምንም አልሆኑም።

ከዚያ ምርመራ ጀመርኩ። ልጁ ሲተኛ ቴሌግራም ላይ ያሉትን መሸጫዎች ሁሉ እዞራለሁ። «ጎማው ስንት ኢንች ነው?» ብዬ እጽፋለሁ። «ኢንቦክስ» ይሉኛል። ኢንቦክስ እገባለሁ። «ሰላም፣ ጎማው ስንት ኢንች ነው?» መልሱ፦ «ፒንክም አለን።» ወንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ ደግሞም ስለ ቀለም አልጠየቅኩም! ሌላው ጋ «ነፋስ የሚሞላ ጎማ ነው ወይስ ደረቅ?» አልኩ። «ኦሪጅናል ነው እህት» አለኝ። ሦስተኛው ጋ «ሞላ አለው?» ብዬ ጠየቅኩ። «ሁሉም ነገር ሞልቷል» ብሎ መለሰልኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ስለ ሞላ፣ ስለ ስፕሪንጉ ነው የጠየቅኩት።

እህቴ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እሷን ሳማክራት «ቀላሉን ግዢ፣ በአንድ እጅ የሚታጠፈውን» አለችኝ። እሷ የምትገፋው ሞል ውስጥ ነው። ከመኪና ታወርዳለች፣ ትገፋለች፣ መኪና ላይ ትጭናለች። እኔ ከብሎክ ሳልወጣ ድንጋይ፣ ጭቃና ክዳን የሌለው ቱቦ ይጠብቁኛል። እርግጥ በአዲሶቹ የኮሪደር ልማት የእግረኛ መንገዶች ላይ ስገፋው እኔም ቨርጂኒያ ያለሁ ይመስለኛል። ግን እዚያ ለመድረስ ታክሲ ነው። ታክሲ ውስጥ ጋሪ ይዞ መግባት ደግሞ ሌላ ብሶት ነው፣ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ።

በራሴ ጊዜ የደረስኩበትን ግን ልንገራችሁ፣ ሱቅ ውስጥ የሚነግራችሁ የለምና። ነገሩ ሁሉ ጎማ ነው። ትንሽ ጎማ ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ትልቅ ጎማ ላዩ ላይ ያልፋል። በቃ ይኸው ነው። እነዚያ አምስት ስድስት ኢንች የማይሞሉት የላስቲክ ጎማዎች ለሱቅ ወለል ናቸው። ለእኛ መንገድ ቢያንስ የኋላው 12 ኢንች ይሁን፣ 16 ካገኛችሁም እሰየው። ነፋስ የሚሞላው ድንጋዩን ይውጥላችኋል፣ ልጁም አይንቀጠቀጥም። ችግሩ ይተነፍሳል። ውስጡ ስፖንጅ የሆነው አይተነፍስም፣ ግን ያን ያህል አይመችም። የፊቱ ጎማ እንደፈለገ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ቀጥ አድርጎ መቆለፊያ ይኑረው። ካልተቆለፈ ኮብልስቶን ላይ እንደ ሰከረ ሰው ግራ ቀኝ ይላል። እኔን የደፋኝም ይኸው ነው።

ከጎማ ሌላ ሁለት ነገር ብቻ። ቁልቁለት ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ፍሬኑን ሱቅ ውስጥ ረግጣችሁ ገፋ አድርጉት፣ ከእጅ አንጓ ጋር የሚታሰር ገመድ ካለውም እሰሩት። የአስቤዛ ፌስታል ደግሞ እጀታው ላይ አታንጠልጥሉ። ልጁን ያወጣችሁ ዕለት ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል። ቲማቲሜ ያውቀዋል።

ልጁ አንገቱን ሳያጸና እንዲህ ያለ ጎርባጣ መንገድ ላይ ማንገጫገጭ ጥሩ እንዳልሆነ ያነበብኩትም ዘግይቼ ነው። ብዙ አምራቾች ለሩጫና ለሸካራ መንገድ ቢያንስ 6 ወር ይሙላው ይላሉ። እኔ በአራት ወሩ! የሸጠልኝ ልጅ ዕድሜውን እንኳ አልጠየቀኝም። «ቅቤ ነው» ብቻ።

በመጨረሻ አንድ ከውጭ የመጣ ቤተሰብ ሲመለስ የሸጠውን ያገለገለ ጋሪ አገኘሁ። ሦስት ጎማ፣ ሁሉም ነፋስ የሚሞላ፣ የፊቱ የሚቆለፍ። ብቻውን ከ12 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ልጄ 10 ኪሎ ነው። አራተኛ ፎቅ። ደምሩት። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ባያሳድርልኝ ኖሮ ይሄኔ ፊዚዮቴራፒ ነበርኩ።

ጎማው ለስለስ ብሎ ስለነበር ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት። ጎሚስታው አየውና «ይሄ ባጃጅ ነው ሚኒባስ?» አለኝ። ሳቅን። ጎማው ጎን ላይ ነፋሱ ከ30 ፒኤስአይ እንዳያልፍ ተጽፏል። ነገርኩት። «አውቃለሁ» አለ። የመኪና መንፊያውን ሰካ፣ እኔ «ቀስ» ለማለት አፌን ስከፍት ቧ! ትንሽ ጎማ በዚያ መንፊያ ሁለት ሰከንድ አይቆይም። ልጄ አለቀሰ፣ ጎሚስታው ደነገጠ፣ እኔ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ። በስንት ፍለጋ ያወጣኝ የብስክሌት ጠጋኝ ነው። የሕፃናት ብስክሌት 12 ኢንች ከመነዳሪ፣ ያ ነፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ፣ ልክክ ብሎ ገባለት። በእጅ ፓምፕ ነፋሁት። ይህን አንድም ሻጭ አልነገረኝም፣ እናንተ ግን ያዙት።

ከዚያ መስቀል ደረሰ። ባለቤቴ ጉራጌ ነው፣ መስቀልን አዲስ አበባ መዋል የማይታሰብ ነው። ቤተሰቦቹ ያሉት እምድብር አካባቢ ነው። እስከ ወልቂጤ ብቻ ወደ 155 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናው ላይ ጋሪውን ፖርቶ መጋላ ላይ ሲጭን ረዳቱ «ይሄ ጋሪ ነው፣ የዕቃ ይከፈልበታል» አለ። የልጅ ጋሪ ነው ብዬ ብነግረው «ጋሪ ጋሪ ነው» አለኝ። ከፈልኩ።

መስከረም ነውና ከዋናው መንገድ እስከ ቤት ያለው የእግር መንገድ ጭቃ ነው። ሹል ድንጋይ፣ የውሃ ቦይ፣ ደግሞ ጭቃ። ጎማው ጭቃውን እየጠቀለለ ወፈረ፣ መዞሩን ተወ። ባለቤቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጋሪውን እንደ ቃሬዛ ተሸክመነው ገባን። ልጁ ውስጡ ተኝቷል። ያዩን ሰዎች መጀመሪያ የታመመ ሰው መስሏቸው ሮጠው መጡ።

አማቴ በር ላይ ቆመው አዩን። ልጁን ሳሙ፣ እኔን ሳሙ፣ ጋሪውን ዞረው ተመለከቱት። «ልጅ ይታዘላል እንጂ ይገፋል እንዴ?» አሉኝ። መግፋት እሳቸው ጋ ትርጉሙ ሌላ ነው። የሚገፋው የሙት ልጅ ነው፣ የእንጀራ ልጅ ነው። ምን ብዬ ልመልስ? ሰባት ልጅ በአንቀልባ አዝለው ያሳደጉ ሴት ናቸው። በዚያ ጭቃ ላይ አንቀልባን የሚያህል እንደሌለ እኔም አልክድም። ግን እማማ፣ የእኔ ወገብ እንደ እርስዎ አይደለም። ሁለት ሰዓት ሳዝለው ስፌቴ የሚለያይ ይመስለኛል። ይህን ለአማት እንዴት ይነገራል?

በማግስቱ ግን ጀፎረው ላይ አወጣሁት። ላላያችሁት፣ ጀፎረ ማለት የጉራጌ መንደር መሐል ለመሐል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ወደሱ ያያሉ። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥር አይገፋበትም፣ የሁሉም ነው። ሠርጉም ለቅሶውም እዚያው ነው። ከብት የጋጠው አጭር ሣር፣ ለጥ ያለ። የፊት ጎማውን ቆለፍኩ፣ ገፋሁ። ወገኖቼ፣ ሄደ! ሳይንገጫገጭ፣ ሳይነቀል፣ ቀጥ ብሎ ሄደ። ልጄ እጁን እያጨበጨበ፣ የመንደሩ ልጆች ከኋላ። አንድ ዓመት ሙሉ በከተማ የፈለግኩት መንገድ ለካ ገጠር ነው ያለው። ያውም አያት ቅድመ አያት ሲጠብቁት የኖሩት።

አማቴ ደጃፍ ቆመው ሲያዩ ቆዩና መጡ። «እስቲ አምጪው» አሉና እጀታውን ያዙ። እስከ ጀፎረው ጫፍ ድረስ ገፉት። ሲመለሱ ምንም አላሉም። ከሰዓት በኋላ ግን ጎረቤታቸው «እንዴ፣ ልጁን ትገፊዋለሽ?» ስትላቸው «ተይኝ፣ ወገቤን ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አዲስ አበባ ስንመለስ አንዱ የኋላ ኩሽኔታ ጭቃ ገብቶበት ይንቋቋ ጀመር። ትናንት ማታ እዚያው ቴሌግራም ላይ ገባሁ። «ሰላም፣ የ12 ኢንች የኋላ ጎማ መለዋወጫ አላችሁ?» አልኩ። ወዲያው መለሱልኝ።

«ፒንኩ ብቻ ነው የቀረን።»