ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር አቶ ሲሊንደር

ለ፦ ክቡር አቶ ሲሊንደር፣ ከምድጃው በስተግራ
ጉዳዩ፦ ባለፈው እሁድ በአማቶቼ ፊት ለዋሉልኝ ውለታ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፣ ማለቴ ሁላችንም በህይወት አለን፣ ለዚህ ደሞ ምስጋናው ለአንድ የ11 ዓመት ልጅ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ።

እሁድ እንደሚያስታውሱት የሚስቴ እናትና አባት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የመጡበት ቀን ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጅተናል፣ መጋረጃ ሁላ ወርዶ ታጥቧል፣ የሚንቀጠቀጠው ወንበር ተጠግኗል፣ እርስዎንም በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬዎታለሁ። ወለወልኩ ማለት ያው ከፊት በኩል ነው፣ ከኋላ ጎማው ያለበትን ማን ያየዋል ብዬ ትቼዋለሁ።

እናትየዋ ገና ሳይቀመጡ ቆም አሉና «ልጄ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አሉኝ።

«ኧረ ምንም አይሸትም እማማ፣ ከጎረቤት ይሆናል።»

«የተበላሸ እንቁላል ነገር ነው።»

«ቤት ውስጥ እንቁላል የለም» አልኩ፣ በኩራት፣ ማስረጃ እንዳቀረበ ጠበቃ። ለካ አፍንጫም እንደሰው ይሰለቻል፣ ሽታው ውስጥ ውሎ ሲያድር ይለምደውና ዝም ይላል፣ እኔና ሚስቴ ስንት ቀን እርስዎን ስንስብ እንደከረምን እንጃ። ያልለመደው የአማቴ አፍንጫ ግን ከበሩ ነው የያዘዎት። እኔ ደሞ ምን አደረግኩ፣ «ይምጡ ላሳይዎት፣ ወጥ ቤቱ ንጹህ ነው» ብዬ ቀድሜ ገባሁ፣ ጨለም ስላለ እጄን ወደ መብራት ማብሪያው ሰደድኩ።

«ጋሼ! አትንካው!»

የሚስቴ እህት ልጅ ነው። ከአያቶቹ ጋር የመጣ፣ እስከዛ ሰዓት ድረስ ሶፋ ላይ ጌም የሚጫወት ልጅ። እጄ አየር ላይ ቀረ። «ማብሪያው ውስጥ ትንሽ ብልጭታ አለ፣ ስታበራም ስታጠፋም» አለ፣ አስተማሪ በሆነ ድምጽ። «ጋዝ ካለ ያቀጣጥለዋል። የአየር ማውጫ ቬንትሌተሩንም አትንካ። ከሶኬት ምንም አትንቀል።» እሺ ብዬ ስልኬን አወጣሁ፣ ጋዝ የሚያመጣልንን ሰውዬ ልደውልለት። «ስልኩንም ውጪ ጋሼ!» እሺ፣ ስልኩን ወደ ኪሴ። ከዛ ቢያንስ አንድ ነገር ልስራ ብዬ ጎንበስ አልኩና የእርስዎን መክፈቻ ልዘጋ ታገልኩ፣ አልዞር አለኝ፣ ተሟገትኩ፣ ደም ስሬ ተገታተረ። ልጁ ከኋላዬ ቀስ ብሎ «ወደ ቀኝ ነው ሚዘጋው» አለኝ።

ወደ ቀኝ ነበር።

ከዛ መስኮቱን ስከፍት እሱ ምን ይላል፣ መስኮቱ ብቻ አይበቃም፣ የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው ሚተኛው፣ በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱ። በአጭሩ አስር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሁላችንም ግቢ ነን። አባትየው ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እማማ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ እኔ በነጠላ ጫማ፣ አንዱ የኔ አንዱ የሚስቴ። ጎረቤቱ በአጥሩ ብቅ ብሎ «ምነው፣ ስብሰባ ነው?» አለ። አዎ፣ ስብሰባ ነው፣ ሰብሳቢው 11 ዓመቱ ነው።

ግቢ ቆሞ መጠበቅ ደሞ ወሬ ያስከትላል። እማማ «ለመሆኑ አንድ ሲሊንደር ስንት ጊዜ ይቆይላችኋል?» ብለው ጠየቁ፣ ሚስቴም ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ጀመረች። ድስት ሳልከድን እንደምጥድ፣ እሳቱ በድስቱ ጎንና ጎን ወጥቶ እጀታውን እስኪልሰው ድረስ እንደምለቀው፣ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ እንደማይጨምር፣ እንፋሎቱ ብቻ እንደሚበዛ ስንት ጊዜ እንደነገረችኝ፣ ጥራጥሬ ማታ ካልዘፈዘፍክ እስከ ማታ ነው ሚፈላው ብላኝ እንዳልሰማኋት፣ ትንሿን ድስት ትልቁ እሳት ላይ ምናምን። ሁሉም እውነት ነው። ግን እኮ እውነት የሚነገርበት ቦታ አለው፣ ሰው ሁለት ዓይነት ነጠላ ጫማ አርጎ የቆመበት ግቢ ቦታው አይደለም።

ሽታው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ገባን። ልጁ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በጠበጠ፣ ምድጃው ሁሉ ጠፍቶ እያለ የእርስዎን መክፈቻ ብቻ ለአፍታ ከፈተ፣ በስዕል መሳያ ብሩሽ አረፋውን ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው) ላይ ቀባ። ምንም። ልቤ ትንሽ መለስ አለ፣ አማቴን ቀና ብዬ ለማየት ሁላ ደፈርኩ። ከዛ ጎማው ጫፍ፣ ፋሼታው (ማጥበቂያ ቀለበቱ) የሚያንቀው ቦታ ላይ ቀባው። አንዲት አረፋ ብቅ አለች። አደገች። አደገች። እንደ ማስቲካ ተነፋችና ሁላችንም እያየን ጧ አለች፣ ሌላ ተተካች። ልጁ መክፈቻውን ዘጋ፣ ጎማውን ገልበጥ አደረገና «ጋሼ፣ እዚህ ላይ የሚቀየርበት ዓመት ተጽፏል እኮ፣ ሶስት ዓመት አልፎታል» አለ። አባትየው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለው አነበቡ፣ መነጽሩን አጥፈው መለሱ። ምንም አላሉም። ምነው በተናገሩ።

ምሳው ሳይሞቅ ተበላ።

እስኪ እርስዎን ብቻ አላስወቅስ። ባለፈው ወር ባዶውን አስረክቤ ሙሉውን ለመውሰድ ግማሽ ቀን ተሰልፌ፣ «የጥንቃቄ መመሪያውን አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል ፎርም ላይ ፈርሜ (መመሪያው የትኛው እንደሆነ እስከዛሬ አላየሁትም፣ እናንተም አላያችሁትም፣ ፈርማችኋል)፣ የሚገጥምልኝ ሰውዬ እቤት ድረስ መጣ። አሮጌውን ጎማ መልሶ ሰካ፣ አጠበቀ፣ ከዛ ላይተር አውጥቶ ለኮሰና መገጣጠሚያውን በነበልባሉ ዞር ዞር አደረገበት። «አየህ ወንድሜ፣ ምንም የለም።» እኔም አመስግኜ ሸኘሁት!

ይሄን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰው እንዴት ጋዝ ሾልኮ እንደሆነ በእሳት ያጣራል? ቢሾልክስ መልሱን በምን ልናውቀው ነበር፣ በፊታችን? ከግድግዳው ወዲያ ልጆች ተኝተው ነበር። አንተ ደሞ ስማ፣ አዎ አንተ፣ ክቡርነትህን ለጊዜው ወደ ጎን እናርገው። ከሆድህ የሚወጣው አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ 250 ሊትር ጋዝ ይሆናል፣ ከክፍሉ አየር 2 በመቶ ገደማ ከሆንክ አንድ ብልጭታ ይበቃሃል፣ ወለል ለወለል እየተሳብክ አልጋ ስር ትገባለህ፣ ድምጽ የለህም፣ ቀለም የለህም። ሽታው ራሱ ያንተ አይደለም! ሰዎች ናቸው መርካፕታን የሚባል ግም ነገር የጨመሩብህ፣ እንድትታወቅ። ያንን እስኪጨምሩ ድረስ ደሞ ስንት ሰው ነው የሄደው። በ1937 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በሚባል ቦታ ሽታ የሌለው ያጎትህ ልጅ፣ በቧንቧ የሚሄደው የመስመር ጋዝ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወለል ስር ሾልኮ ተጠራቀመ፣ ማንም አላወቀም፣ የእንጨት ማለስለሻ ማሽን ሲበራ ብልጭ አለና ህንጻው ተነሳ። ወደ 300 ሰው ሞተ፣ አብዛኛው ተማሪ። ከዛ በኋላ ነው እዛ ጋዝ ይሽተት ተብሎ ህግ የወጣው። እኔ ደሞ በዛ ሁሉ ህጻን ደም የመጣውን ሽታ «ከጎረቤት ይሆናል» አልኩት።

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ስሜታዊ ሆንኩ። ወደ ቆዩት ቅሬታዎቼ ልለፍ።

ምድጃው ላይ ያለው ቁልፍ፦ እሳቱ ከያዘ በኋላም ተጭኖ መቆየት አለብኝ፣ ነበልባሉ ድንገት ቢጠፋ ጋዙን የሚዘጋው መቆጣጠሪያ እስኪሞቅ ነው አሉ፣ እሺ፣ ጣቴ ግን ተጠፍጥፏል።

የሚያልቁበትን ሰዓት በተመለከተ ግን ብዙ እላለሁ። እርስዎ ቀን አልቀው አያውቁም። ማክሰኞ ከሰዓት፣ ሰው ሁሉ ስራ ላይ እያለ፣ ሻጩ ክፍት እያለ ቢያልቁ ምን ነበረበት? አይ፣ ማታ፣ እንግዳ ተቀምጦ፣ ድስቱ ግማሽ ሲደርስ ነው፣ ነበልባሉ አንዴ ዘለል ይልና ቻው። ስንት እንደቀረዎት ለማወቅ የሞከርነው ሁሉ ደሞ መጽሐፍ ይወጣዋል። መነቅነቅ ሞክሬያለሁ፣ በጣት ማንኳኳት ሞክሬያለሁ፣ አንድ ዘመዴ «ገላው ቀዝቅዞ ካላበው ሙሉ ነው» ብሎኝ አምኜው ነበር፣ ለካ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲቀየር ሙቀቱን ከራሱ ከብረቱ ስለሚወስድ ነው የሚያልበው፣ ሙሉም ሆነ ሩብ ብዙ ከለቀቁት ያልበዋል። የሚሰራው በአንድ ጎኑ ለብ ያለ ውሃ አፍስሶ በመዳፍ ከላይ ወደ ታች መዳሰስ ነው፣ ቅዝቃዜው የሚጀምርበት ፈሳሹ እዛ ድረስ አለ። ከሱ የተሻለው ደሞ ዓይኔ ስር የነበረ ነገር፦ ባዶ ክብደትዎ እዛው አንገትዎ ላይ ተቀርጿል፣ ሚዛን ላይ አውጥቶ መቀነስ ነው፣ አለቀ። ስድስት ዓመት ስነቀንቅዎ አንድም ቀን አልነገሩኝም። ያው ዘመዴ ሊያልቅ ሲል አጋድመው፣ ካልሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ የቀረችው ትወጣለች ይላል። ሲያጋድሙት በጋዝ ፋንታ ፈሳሹ ነው በጎማው ሚመጣው፣ ሲያፈሉት ደሞ ግፊቱ ይነሳል። ዘመዴን ወጥ ቤት ማስገባት አቁሜያለሁ።

ነበልባልዎ ሰማያዊ ነበር፣ አሁን ቢጫ ሆኖ ድስቶቼ ጥቀርሻ በጥቀርሻ ሆነዋል። ቀዳዳዎቹ ስለተደፈኑ ነው፣ ይቦረሻሉ፣ እሱ ጥፋቴ ነው። ቅር ያለኝ ቢጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታ የሌለው መርዝ ሊያወጣ እንደሚችል፣ መስኮት ዘግተን ስናበስል የሚይዘን ራስ ምታት ከሱ ሊሆን እንደሚችል አለመንገርዎ ነው። እኔ እኮ ራስ ምታቱን የሚስቴ ወሬ ነበር የመሰለኝ። ይሄን ለሷ እንዳያነቡላት።

አዲስ ጎማ፣ አዲስ ጎሚኒ (የመገጣጠሚያው የላስቲክ ቀለበት)፣ ሁለት አዲስ ፋሼታ ትናንት ተገጥሟል። የገጠመው ሌላ ሰው ነው፣ ላይተሩን በር ላይ ተቀብዬዋለሁ። ልጁ ማታ ደውሎ «ሳሙናው አለ?» አለኝ፣ አለ አልኩት፣ «እንዳትደፋው፣ ቅዳሜ መጥቼ አየዋለሁ» አለ። ብርጭቆው እርስዎ አጠገብ ተቀምጧል፣ ብሩሹም እውስጡ ነው።

ከማይጠፋ አክብሮት ጋር
(ፊርማ፣ በነጠላ ጫማው)

ግልባጭ፦
ለጎማው፣ ባለበት የቆሻሻ ቅርጫት
ለሬጉሌተር፣ ለጊዜው በነጻ ለተለቀቀው
ለድስት ክዳኖች በሙሉ
ለአማቴ መነጽር