ማስተካከያ፦ ለሚይዝ የፎም አውሮፕላን ኤለቬተር ዘይት አይረጭም

ባለፈው በሪሞት ስለሚበር ትንሽ የፎም አውሮፕላን በወጣው ጽሑፍ ላይ ኤለቬተሩ (ጭራው ላይ ላይና ታች የሚታጠፈው ክፍል) ወይም ኤይለሮኑ (ክንፉ ላይ የሚታጠፈው) አልንቀሳቀስ ብሎ ሲይዝ መታጠፊያው ላይ ዘይት ይረጭ የሚል ምክር ነበር። እሱ ይቅር። የአብዛኞቹ መታጠፊያ ራሱ ስስ ፎም ነው፣ የሚቀባ ብረት የለውም፤ ዘይቱ አቧራ ይሰበስባል፣ በኋላ መታጠፊያው ሲሰነጠቅም ሙጫ አያስይዝም።

መጀመሪያ የሚገፋውን ሽቦ ከፕላስቲክ ማያያዣው ፍቱና ኤለቬተሩን በጣት አንቀሳቅሱት። ያለችግር ከሄደ ጣጣው ያለው ሽቦው ወይም ሰርቮው (ሽቦውን የሚገፋው ትንሽ ሞተር) ጋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሽቦው ትንሽ ተጣሞ ቱቦውን ይፍቃል፣ ሰርቮውም ማንም ሳይነካው ዝዝዝ እያለ ባትሪ ይበላል። መታጠፊያው ራሱ ከደረቀ ግን ላይና ታች ደጋግማችሁ እጠፉት፣ አዲስ ፎም እንደዛ ነው የሚለሰልሰው። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ሙጫ ካለም በስለት ቀስ ብላችሁ ፈልቅቁት፣ ብቻ ፎሙን እንዳትበጥሱት።