ግሬድ ይዞ መመረቅ ብቻውን

እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ኮሌጆች መስከረም ሲገባ ሱፍ ለብሰው፣ ሲቪ ይዘው የተሰለፉ ልጆች ታያላችሁ። ተመራቂዎች እንዳይመስሏችሁ፤ ብዙዎቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ናቸው። ቀጣሪዎች ግቢ ድረስ መጥተው ጠረጴዛ ዘርግተዋል። የሚመለምሉት ለሚቀጥለው ሰመር ኢንተርንሺፕ (የተማሪ የሥራ ልምምድ) ነው። ወራት ቀድመው! ሰመር ላይ የወደዱትን ልጅ ሳይመረቅ ሥራ ይሰጡታል።

የኛን ልጆች እዚያ ሰልፍ ላይ ብዙም አላይም። ከክላስ እንደወጡ ወደ ሺፍታቸው ይሮጣሉ፤ ፓርኪንግ፣ ጋዝ ስቴሽን፣ ሬስቶራንት። የቤት ኪራይ የሚከፍል ልጅ ደግሞ ደመወዝ የሌለው ኢንተርንሺፕ አይሞክርም፤ እውነቱን ነው። ወላጅም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ግሬድህ እንዴት ነው?»

ይቺ ጥያቄ ከአገር ቤት አብራን የመጣች ናት። እዚያ ሁሉን የሚወስነው ውጤት ነው። ዩኒቨርሲቲውን ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል፣ ዲፓርትመንቱን ነጥብ ይለያል። «ሶፍትዌር ልማር» ያለው ልጅ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ይደርሰዋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ የጂሲ (የመመረቂያው) ዓመት በጥናት ያልቃል። እንዲህ ተመድቦ ለሚማር ልጅ «የሙያ ዕቅድ አውጣ» ብሎ መምከር ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

ግን አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት ለኢንተርንሺፕ የሚወጡበት ጊዜ አላቸው። ከታናናሾቼ እንደምሰማው ብዙው የሚያልፈው አጎት የሚሠራበት መሥሪያ ቤት ማኅተም በማስመታት ነው። ሪፖርቱም ካለፈው ዓመት ተማሪ ይገለበጣል። በኋላ ማስታወቂያው «ሁለት ዓመት ልምድ» ሲል እንበሳጫለን። በኢንተርንሺፑ ጊዜ ሳይት ላይ ፎርማኑን እግር በእግር እየተከተለ የዋለ ልጅ ቢያንስ ስሙን የሚያውቅ፣ ስልኩን የሚያነሳለት አንድ ሰው ይኖረዋል። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ሥራ የሚያገኙት በችሎታ ብቻ ነው እንዳትሉኝ። የሚያውቃቸው ሰው አላቸው፤ ልዩነቱ ሰውየውን ገና ተማሪ ሳሉ መፈለጋቸው ነው።

ነገሩ የሚከብደው እዚህ አሜሪካ በተማሪ ቪዛ ለመጡት ነው። ከምርቃት በኋላ በሙያቸው እንዲሠሩ የሚፈቀድላቸው በመደበኛው 12 ወር ነው፤ በሳይንስና በቴክኖሎጂ ለተመረቁ 24 ወር ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ታዲያ ያለ ሥራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ብቻ ነው። «መጀመሪያ ልመረቅ፣ ሥራው ይደርሳል» ብሎ የተቀመጠ ልጅ ከዘጠናው ቀን ግማሹን ሲቪ በማስተካከል ይፈጀዋል።