ለብሎካችን ፊልም ጨራሽ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ ጋሼ
የሁለተኛ ፎቅ ነዋሪ
ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም

ጉዳዩ፦ ምላስን በአግባቡ ስለመያዝ ትብብር መጠየቅን ይመለከታል

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ጋሼ፣ ኧረ በቃዎት።

ጤናዎን አልጠይቅም። ደህና መሆንዎን አውቃለሁ፤ ድምፅዎ እስከ አራተኛ ፎቅ ይሰማል።

እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል። ቀኑን ሙሉ ቤት ነዎት። ፍላሽዎን ታች ላለው ፊልም ጫኝ ልጅ ይሰጡታል፤ ሙሉ ምዕራፍ ጭኖ ይመልስልዎታል፤ ሳይመሽ ጨርሰውታል። እኔ ሥራ ውዬ፣ ቃሊቲ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ቤቴ ስገባ ውሃ ከመጣ ቀድቼ፣ መብራት ካለ አንድ ክፍል አያለሁ። አንድ! ብሬኪንግ ባድ የሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም አምስት ምዕራፍ፣ 62 ክፍል ነው። እንደ ዕቁብ በየቀኑ ጣል እያደረግኩ ነው የገፋሁት። ዕጣው ሊደርሰኝ ሲል ግን እርስዎ ቀድመው ያወጡታል።

(ተከታታዩን ያላያችሁ አንባቢዎች፣ ወራጅ አለ በሉና እዚህ ጋ ውረዱ። ከዚህ በኋላ ሰው ይሞታል። እኔ እንኳን ቀድሜ ተናግሬያለሁ።)

ያን ዕለት ማታ ደረጃው ላይ ያገኙኝን መቼም አይረሱትም። በሁለት እጄ ጀሪካን ይዣለሁ። እርስዎ ጋቢዎን ደርበው፣ በነጠላ ጫማ፣ የደረጃውን ብረት ተደግፈው ቆመዋል። «የት ደረስክ ልጄ?» አሉኝ። የጀሪካኑ እጀታ ጣቴን እየቆረጠኝ ስለነበር «ምዕራፍ አራት» ብዬ ላልፍ ስል፣

«እንዴ! ዶሮ ሻጩ እስካሁን በሕይወት አለ?»

«አልነገርኩህም እኮ» ይላሉ። ልክ ነዎት፣ አልነገሩኝም። ጠየቁኝ። እሱም አልበቃ ብሎዎት፣ ገና ደረጃውን ሳልጨርስ ከኋላዬ «የሽማግሌውን ደወል ልብ ብለህ ስማ!» ብለው ጨመሩልኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ጋሼ፣ ዶሮ ሻጭ ያሉት ሰውዬ ጋስ ፍሪንግ ነው። በቴሌቪዥን ካየኋቸው ክፉዎች ሁሉ እንደሱ የወደድኩት የለም። አልበከርኪ ከተማ ውስጥ ሎስ ፖዮስ ኤርማኖስ የሚባል የዶሮ ጥብስ ቤት አለው። ደንበኛውን በፈገግታ ያስተናግዳል። የአደንዛዥ ዕፅ ተቆጣጣሪ ፖሊሶችን የበጎ አድራጎት ሩጫ ሳይቀር ይደግፋል። ያንን ሁሉ ዕፅ የሚያስመርተውም የሚያከፋፍለውም እሱው ነው። ጂያንካርሎ ኤስፖሲቶ ሲጫወተው ድምፁን ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ ከስንት አንዴ ነው።

የምዕራፍ አራትን መጀመሪያ ያስታውሱ። ላቦራቶሪው ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ለጋስ ዕፅ የሚሠራለት መምህሩ ዋልተር፣ ሊገደል ነው ብሎ ፈርቶ ይለፈልፋል፣ ይለምናል፣ ይከራከራል። ጋስ አንድ ቃል አይመልስለትም። ኮቱን ያወልቃል። ቱታ ይለብሳል። በካርቶን መቁረጫ ምላጭ የገዛ ሰውዬውን አንገት ያርዳል። ታጥቦ ልብሱን ይቀይራል። ደረጃውን ሲወጣ ቆም ይልና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ ይላቸዋል። አለቀ። እሱም ደረጃ ላይ ነበር ጋሼ። ደረጃ ላይ ቆሞ ይህችን ብቻ ተናግሮ ሄደ።

ሽማግሌውስ? ሄክተር ሳላማንካ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። አይናገርም። ያለው አንድ ደወል ነው። ማርክ ማርጎሊስ በዓይኑ፣ በትንፋሹና በዚያች ደወል ብቻ ሰው እያስፈራ እ.ኤ.አ. በ2012 ኤሚ ለሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጨ። የወንድሙ ልጆች፣ መንትዮቹም ሥራቸውን የሚሠሩት ዝም ብለው ነው። ምርጥ ክፉዎች አፋቸውን ይዘው ነው ክፉ የሆኑት። እርስዎ ከየትኛው ወገን እንደሚመደቡ ለራስዎ ልተወው።

የማልወዳቸውም አሉ። ዕፅ ነጋዴው ቱኮ ጩኸት ያበዛል፤ መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ቆይቶ ጆሮ ያደክማል። ጃክ የሚባለው ናዚ ደግሞ ከጋስ በኋላ መምጣቱ ራሱ ድፍረት ነው። ጠመንጃና ንቅሳት እንጂ ውስጡ ሰው የለም። ቶድ ግን ይለያል። «እሺ ጌታዬ» ማለት የሚያውቅ፣ ትሁት፣ የተላከበትን የሚያደርስ ልጅ። ባቡሩን ዘርፈው ሲጨርሱ በሞተር ሳይክል የመጣ ሕፃን ያያቸዋል። ሕፃኑ እጁን ያውለበልባል። ቶድም መልሶ ያውለበልብለትና ተኩሶ ይገድለዋል። ያን ቀን ራት አልበላሁም። በነገራችን ላይ ይህን አልነገሩኝም ነበር። ለምን እንደዘለሉት አላውቅም፣ ግን አመሰግናለሁ።

ወደ ዋናው እንምጣ። እርስዎ ዋልተር ዋይትን ክፉ ሲሉት ሰምቼ አላውቅም። ቡና ላይ «መምህር ነው፣ ታሟል፣ ለልጆቹ ብሎ ነው» እያሉ ይሟገቱለታል። የጡረታ ገንዘብ ምን እንደምታህል ስለሚያውቁ ይሆናል፤ አልፈርድብዎትም። ሰውዬው ግን በመጨረሻው ክፍል ለሚስቱ ለራሴ ብዬ ነው ያደረግኩት ብሎ አምኗል። እሱ ያመነውን እርስዎን ምን አስካደዎት?

ደግሞስ ዋልተርን ምን አጠፋው? ምላሱ! የሚስቱ እህት ባል፣ ፖሊሱ ሃንክ፣ ዋናው ዕፅ ሠሪ የሞተው የሥራ ባልደረባው ጌል ነው ብሎ ተቀምጦ ነበር። ዝም ቢል ኖሮ ፋይሉ ተዘግቶ ይቀር ነበር። አልቻለም። ራት ላይ ወይን ጠጥቶ፣ ጌል የሰው ሥራ ገልባጭ እንጂ ሊቅ አይደለም፣ ዋናው ሰው ምናልባት አሁንም ውጭ አለ ብሎ ለሃንክ አወራለት። ማንም ሳይጠይቀው! ሃንክም ምርመራውን እንደገና ቀጠለ። እኔ እንደሚመስለኝ ዋልተርን የወደዱት በዚህ ነው። ዘመድዎ ነው።

«እ.ኤ.አ. በ2013 ያለቀ ፊልም ምኑ ይደበቃል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ለእኔ አላለቀም ነበር። ቱሉ ዲምቱ ላይ ደግሞ ብዙ ነገር ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ስለዚህ ይህን እጠይቃለሁ። ከመርካቶ አንድ ደወል ገዝቼ አመጣልዎታለሁ። ብረቱ ላይ እናስረዋለን። ሳልፍ አንዴ ከደወሉ ሰላምታ ነው፤ ሁለቴ ከደወሉ ውሃ መጥቷል ማለት ነው። ሦስተኛ ደወል የለም።

ከሰላምታ ጋር
የአራተኛ ፎቅ ጎረቤትዎ

ግልባጭ፦
ለብሎኩ ኮሚቴ፣ እንዲያውቁት።
ለፊልም ጫኙ ልጅ፣ ለጋሼ ቀጣዩን ምዕራፍ ሲጭን «ፍላሹ ቫይረስ አለው» እያለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እንዲያቆይልን።
ለእትዬ፣ የብሬኪንግ ባድን ቅድመ ታሪክ፣ ቤተር ኮል ሶልን፣ መጀመሬን ለባለቤትዎ እንዳይነግሩብኝ። ለጠየቁዎት ሁሉ የማየው የዜና ሰዓት ብቻ ነው።