90 ላይ የሚንቀጠቀጥ ፒካፕ እና «ይቀየር» የሚል ጋራዥ

ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አሮጌ ፒካፕ ያለው ሰው ጋራዥ ገብቶ «90 ላይ ይንቀጠቀጣል» ሲል የሚሰጠውን መልስ በቃሌ ይዤዋለሁ። መካኒኩ መኪናውን ቀና ብሎ ሳያይ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አላይመንት ነው» ይላል። አላይመንት ይሠራል። ይንቀጠቀጣል። «እንግዲያው ባላንስ ነው።» ባላንስ ይሠራል። ይንቀጠቀጣል። «ሾኩ ደክሟል፣ ይቀየር።» ይቀየራል። አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ በአዲስ ሾክ። ከዚያ የሚመጣው ነገር በሁሉም ጋራዥ አንድ ነው፦ «ወንድሜ፣ መኪናው እኮ አሮጌ ነው።»

አሮጌ መሆኑን እኔም አውቃለሁ! ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ግን ችግሩ እድሜው ቢሆን 60 ላይስ ለምን አይንቀጠቀጥም? የኔው ነጠላ ጋቢና ሂሉክስ እስከ 80 ድረስ ሻይ ይዘህ ትሄድበታለህ። 85 ላይ ወለሉ ይጀምራል። 90 ላይ ወንበሩ ይቀበላል፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው መኪና ሁለት ሆኖ ይታይሃል። 100 ሲያልፍ ደግሞ ለዘብ ይላል። እርጅና ፍጥነት እያየ ይመጣል ይሄዳል እንዴ?

«ሽጠውና ሌላ ግዛ» የምትሉኝ ዘመዶቼ ደግሞ አላችሁ። በምን ልግዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ። አገር ውስጥ ያለውም ዋጋው አብሮ ተሰቅሏል። ስለዚህ ያለንን እየጠገንን ነው የምንኖረው፣ እሱን ደግሞ በትክክል የሚጠግን አጣን።

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው ሙከራው ላይ ነው። መካኒኩ ቁልፉን ተቀብሎ ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር ያደርገዋል። ኮብልስቶን ላይ፣ በ25። ተመልሶ «ምንም የለውም፣ አሪፍ ነው» ይልሃል። 90 ላይ የሚታይ በሽታ በ25 ከየት ይመጣለታል? አዲስ አበባ ውስጥ 90 የሚነዳበት ቦታ የለም። ያለው አማራጭ በቱሉ ዲምቱ ወጥቶ ወደ አዳማው ፈጣን መንገድ መግባት ነው። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው፣ እስከ 120 የሚያስነዳው። እሱ ደግሞ ክፍያ አለው፣ ነዳጅ አለው፣ የመካኒኩ ግማሽ ቀን አለ። ለዚያ ማን ይከፍለዋል? ለፈታው ይከፈለዋል፣ ለቀየረው ይከፈለዋል። አጠገብህ ተቀምጦ ለአዳመጠው ግን ደንበኛውም «ምንም ሳትነካ ምን ልክፈልህ?» ይለዋል። እንዲህ ሲሆን መቀየር ብቻ ሥራ ሆኖ ቀረ።

አላይመንቱን አንዴ እንጨርሰው። አላይመንት የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል ነው። ከተዛባ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማው ባንድ በኩል ይበላል። በ90 ወንበር አያንቀጠቅጥም። የኔ መኪና እጄን ከመሪው ባነሳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን ነግሬያቸውም «ቢሆንም እንየው» ብለው አስከፈሉኝ።

ባላንስ ሌላ ነው፣ የጎማውን ክብደት ዙሪያውን እኩል ማድረግ ነው። እሱ ከተዛባ እውነትም ያንቀጠቅጣል። ግን እንዴት እንደተሠራልኝ ስሙ። እኔ በክረምት መቂ አካባቢ የእርሻ መንገድ ውስጥ እየገባሁ ሽንኩርት ነው የምጭነው። ቸርኬው ውስጥ ጭቃ ደርቆ ተጋግሯል። ጎሚስታው ሳያጥብ ማሽኑ ላይ ሰቀለው፣ የክብደት ማስተካከያ እርሳሱን ለጠፈ፣ ዜሮ አሳየኝ። ጭቃውን አብሮ ባላንስ አደረገልኝ ማለት ነው! ዱከም ሳልደርስ ጭቃው ረገፈ፣ ባላንሱም አብሮ ረገፈ። ደግሞ ማሽኑ ዜሮ ስላለ ጎማው ክብ ነው ማለት አይደለም። ሞላላ ሆኖ ክብደቱ እኩል የሆነ ጎማ አለ። እሱን ለማየት ማሽን አያስፈልግም። በክሪክ አንስተህ፣ ጠመኔ ከጎማው አጠገብ አስደግፈህ፣ በእጅ ታሽከረክረዋለህ። ጠመኔው እዚህ ነክቶ እዚያ ከሳተ አገኘኸው። ይህን ያደረገልኝ ጎሚስታ ግን የለም።

ከሁሉ የባሰኝ ፍሪሲዮን ሊቀይርልኝ የነበረው ነው። ካምቢዮውን፣ የማርሽ ሳጥኑን፣ አውርዶ! ዋጋውን ሁሉ ጽፎ ሰጠኝ። እንደ እድል ሆኖ ያን ማታ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመላለስ የተሳቢ ሹፌር ወዳጄ ደወለ። ነገርኩት። «ፎሌ ስታደርገው ምን ይላል?» አለኝ፣ ማርሹን ስታወጣው ማለቱ ነው።

ፎሌ ስታደርገው ምን ይላል። ስንት ጋራዥ ዞሬ ይህን የጠየቀኝ የለም። ሜዳ ላይ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ በሚንቀጠቀጥበት ፍጥነት ላይ ለጥቂት ሰከንድ ፎሌ ታደርገዋለህ። (ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክሩት፣ ቁልቁለት በፎሌ የሚወርድ ሰው ጤነኛ አይደለም።) የሞተሩ ዙር ሲወርድ መንቀጥቀጡ አብሮ ከጠፋ ወደ ሞተር፣ ወደ ፍሪሲዮን፣ ወደ ሞተር ጎሚኒ (ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ) ታያለህ። ካልጠፋ ግን ሞተሩን ተወው፣ ችግሩ ከካምቢዮ በኋላ ነው። የኔው አልጠፋም። ለማረጋገጥ በአራተኛም በአምስተኛም ማርሽ በ90 ነዳሁት። የሞተሩ ዙር ተለያየ፣ መንቀጥቀጡ ግን ያው። ፍሪሲዮኑ ከደሙ ንጹሕ ነው። ካምቢዮው ሊወርድ አንድ ቀን ሲቀረው!

ቀጥሎ የት እንደሚሰማ ማየት ነው። መሪው ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ወደ ፊት ጎማ ታያለህ። መሪው ተቀምጦ ወለሉና ወንበሩ ከነዘረ ወደ ኋላ ወይም ወደ ትራስሚሽን። ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል (የኋላ ጎማዎቹን ወደሚያዞረው ማርሽ) ኃይል የሚያደርሰውን ረጅሙን ብረት ማለቴ ነው። ፍሬን ስትይዝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ታምቡርና ዲስክ ነው፣ ሌላ አትፈልግ።

ሒሳብ የማይወድ ይህችን ይዝለል። በ90 መኪናው በሰከንድ 25 ሜትር ይሄዳል። የኔ ጎማ ዙሪያው 2.3 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ጎማው በሰከንድ ወደ 11 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ (ጎማው አንዴ ሲዞር ትራስሚሽኑ 4.1 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው) ትራስሚሽኑ በሰከንድ ወደ 45 ጊዜ ይዞራል። 11ዱን በእጅህ ልትቆጥረው ምንም አይቀርህም፣ ዱግ ዱግ ዱግ ይላል። 45ቱ ግን አይቆጠርም፣ ንዝረት ይሆናል፣ ጋቢናው ውስጥ ያጉረመርማል። የኔው የሚያጉረመርመው ነው። ይህን ለማወቅ ጆሮ ብቻ ይበቃል። እኔ ግን ሾክ ገዝቻለሁ።

ከዚያ መኪናው ስር ገባን። ትራስሚሽኑ ጫፍና ጫፉ ላይ ክሮቼራ አለው፣ እንደ መስቀል የሆነው መገጣጠሚያ። ይህ ነገር ዘንበል ብሎ ሲዞር እኩል አይዞርም። በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። የፊተኛው ያዛባውን የኋለኛው የሚያስተካክለው ክሮቼራዎቹን የያዙት የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በአንድ መስመር ሲቆሙ ነው። የኔው በአንድ መስመር አልነበረም። ቀደም ሲል ክሮቼራ የቀየረው ጋራዥ ትራስሚሽኑን ከሁለት ነቅሎ ሲመልሰው ጥርሱን አሳስቶ ነው የሰካው። ሳይፈታው በፊት በሚስማር አንድ ጫረት ቢያደርግበት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ጫረት እኮ ነው የምላችሁ፣ መለዋወጫ አይደለም!

ሌላም አለ። ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ብዙ ለመጫን ብሎ የኋላ ባሌስትራው (ጭነቱን የሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች) ላይ ተጨማሪ ብረት አስደርቧል። ባዶውን ሲሆን የኋላው ከፍ ይላል፣ የክሮቼራው ማዕዘን ይጠናል፣ ንዝረቱም ይብሳል። ሲጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ ማዕዘኑ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ባዶዬን ወደ አዳማ ስወርድ የሚያብደው፣ ሽንኩርት ጭኜ ስመለስ ግን የሚለዝበው። ይህን ልዩነት ለሁሉም መካኒክ ነግሬያለሁ። ትልቅ ፍንጭ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ያለኝን እነሆ፦ «እንግዲያው ጭነህ ንዳው!»

ሹካዎቹን በመስመር መልሰን ሰካናቸው። ለዲፈረንሻሉ ማዕዘን ባሌስትራው ስር የሚገባ ሽብልቅ ቶርኖ ቤት አሠራን። በቃ። ወለሉ ጸጥ አለ። የሠራነው እኔና ወዳጄ ነን፣ ግቢ ውስጥ፣ ካርቶን አንጥፈን።

«ትንሽ ንዝረት ነው፣ ምን አካበደው» የሚል ካለ ይስማኝ። ያ ንዝረት የካምቢዮውን የኋላ ዘይት መያዣ ጎማ አበላሽቶ ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሮ ነበር። ክሮቼራው ከነአካቴው ቢለቅና የትራስሚሽኑ የፊት ጫፍ አስፋልት ላይ ቢወርድስ? በ90 እየሄድክ አስፋልት ሲነክስ መኪናውን ሊገለብጠው ይችላል። ሾክ እየቀየሩ የሚያስጠብቁት ጉዳይ አይደለም።

ክሮቼራውን የቀየረው ጋራዥ ሄጄ ነገርኩት። ጥርሱን አሳስተህ ነው የሰካኸው አልኩት። አልተናደደም፣ አልደነገጠም። «ስትወስደው እኮ ደህና ነበር» አለኝ። አዎ፣ ከጋራዡ በር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ደግሞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ለማንኛውም አምጣውና አላይመንቱን እንየው።»

አሁን የቀረችኝ መሪው ላይ ያለች ትንሽ መወዛወዝ ናት። የጠመኔውን ሙከራ አደረግኩ፣ የግራ ፊት ጎማ ሞላላ ሆኗል። ጎኑን ጠርጌ አራት አሃዙን አነበብኩ፣ 3212 ይላል። በፈረንጆች 2012፣ 32ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ማለት ነው። የሸጠልኝ ሰው «አዲስ ነው፣ ላስቲኩ አልተነሳም» ብሎኛል። ላስቲኩ አልተነሳም፣ እውነቱን ነው፣ መደርደሪያ ላይ አርጅቶ ነው። ስለዚህ ሁለት የፊት ጎማ ልገዛ ነው። ዋጋ ጠይቄ መጣሁ። የእሱን ብሶት ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ዛሬ አቅሙም የለኝም።