የስድሳ ልጅ ላም በአንድ ሌሊት

ሰሞኑን ደሴ ላይ በፕሮጀክት የሚረዱ ልጆች ባሕር ማዶ ላለው ስፖንሰራቸው የሚጽፉበት የደብዳቤ ቀን ደርሶ ልጆቹ እንደለመዱት ከጥቁር ሰሌዳ ገለበጡ። የፕሮጀክት ልጅ ያለው ቤት ሥርዓቱን ያውቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ቅጹና እርሳሱ ይታደላል፤ የፕሮጀክቱ ባለሙያ እጅጌውን ይሰበስብና የስድሳ ልጅ ሆድ ውስጥ ያለውን በአንድ ጠመኔ ይጽፈዋል። እጁ ይባረክ!

«ውድ ስፖንሰሬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የአካባቢያችን አየር ነፋሻማ ነው። የምወደው ምግብ እንጀራ በሽሮ፣ የምወደው ትምህርት ሒሳብ ነው።» መሐመድም አስካለም በአንድ ቃል። ማባዣ ማሽን ቀለም ያልቅበታል፣ ወረቀት ይቆረጥማል፤ ልጅ ግን በአንድ ብስኩት እስከ ምሳ ይሠራል። የበዓሉ ዙርማ ትንቢት ነው። የፈረንጁ ገና ታኅሣሥ 16 ስለሚውል ደብዳቤው በጊዜ እንዲደርስ ጥቅምት ላይ ይጻፋል፤ ስለዚህ አደይ ሳይረግፍ «ገናን በደስታ አሳለፍን» እንላለን።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን የላሟ ነገር ነው። አንድ ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ «ላማችን ወለደች» የሚል መስመር ተጨመረ። ስድሳ ላም በአንድ ጠዋት ወለደች። ሸዋበር አንድ ክፍል ተከራይቶ ከነቤተሰቡ ለሚኖረውም ወለደችለት፤ አልጋ ሥር ትታሰር ቁም ሣጥን ላይ አልተገለጸም። ደብዳቤው ዋናው ቢሮ ሄዶ፣ ተተርጉሞ፣ ስካን ተደርጎ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ተመልሶ እስኪመጣ ወራት አለፉ። መልሱ ሲመጣ ስፖንሰሮቹ ሁሉ «የጥጃዋ ስም ማን ነው?» ይላሉ። ባለሙያው አልደነገጠም፤ «ቦራ» ብሎ ጻፈ። ስድሳ ቦራ ሆነች ማለት ነው። በሚቀጥለው ዙር ፎቶ ተጠየቀ። ከከተማው ዳር አንዲት ጥጃ በውሰት መጣችና ከልጆቹ ጋር በየተራ ተነሣች። ሃያ ምናምነኛው ላይ ሲደርስ ሰልችቷት ተኛች። የቀሩት ልጆች ከተኛች ጥጃ አጠገብ ቆመው ፈገግ አሉ። ከዚያማ «ታመመች እንዴ?» የሚል ካርድ ጎረፈ፤ ለሕክምናዋ ብለው የስጦታ ገንዘብ የጨመሩም አልጠፉ። ለስጦታ ገንዘብ ደግሞ ደረሰኝ ይጠየቃል። የሌለች ጥጃ ደረሰኝ ከየት ይመጣል? ሰሌዳው መላ አላጣም፦ «ቦራን ጅብ በላት።» ስድሳ ጥጃ በአንድ ሌሊት! የጦሳ ጅብ ያን ሌሊት የበላውን በልቶ እንዴት አቀበቱን እንደወጣ እሱ ይወቀው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። እዚያው ሰሌዳ ላይ «እናቴና አባቴ ደህና ናቸው» የሚል መስመር አለ። የእናቱ አርባ ያልወጣለት ልጅም ይገለብጠዋል። ከወራት በኋላ «ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ» የሚል ካርድ ይመጣለታል። ያንን ካርድ ቁጭ ብሎ የሚያነብለት ሰው በየትኛው አፉ ነው የሚያነበው? ልጁን ጠጋ አድርጎ «እናትህ እንዴት ናት?» ማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ለቅሶ ቀድሞ በሚደርስበት ወሎ ውስጥ የልጅ ሐዘን በጠመኔ ይደለዛል! ሥራ በዝቶ ነው አይባል። ቀኑ እስኪያልቅ ተኝቶ፣ ቀነ ገደቡ ነገ ሲሆን መነሣት ሥራ መብዛት አይደለም።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ስፖንሰሩ የጠየቀው ሳይመለስ መቅረቱም ጥበብ ነው፤ ካርዱ ልጁ ፋይል ውስጥ በክብር ተቀምጧል፣ አንብቦ ማቆሸሽ ምን ያደርጋል! ቀኑ በኛ 2017 ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ በእነሱ 2025 ሲደርስ ስፖንሰሩ ስምንት ዓመት መንገድ ላይ የቆየ መስሎት ልጁን ድሮ አድጎ ይሆናል ቢል ደግሞ የእሱ ጥፋት ነው፤ የኛን ዘመን ማን አትማር አለው?

ባለፈው ቅዳሜ ግን አንድ የኩታበር ልጅ ሥርዓት አፈረሰ። ሰሌዳውን ትቶ «ዘንድሮ በልግ ስለቀረ ገብስ አልዘራንም። አባቴ ለቀን ሥራ ኮምቦልቻ ወረደ። በጎቹን የምጠብቀው እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። ምስጋና ይግባውና ባለሙያው ቶሎ ደረሰ፤ በላጲስ አጥፍቶ በላዩ «የአካባቢያችን አየር ነፋሻማ ነው» አስጻፈው። የልጁ እጅ እርሳስ ጫን ስለሚያደርግ ስካን ሲደረግ «ነፋሻማ» ከሚለው ሥር «ገብስ» የሚለው ደብዘዝ ብሎ ይነበባል። ለሚቀጥለው ዙር ደህና ላጲስ እንዲገዛ ታዟል።